ሦስተኛው ምስክር ቡራዩ ነው

ሱሉልታ፣ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

የጠዋት ርክክብ፦ ሁለት መቶ አሥር ሊትር። ጾም ከገባ ወዲህ ካፌዎቹ ስለቀነሱ ግማሹ ለቅቤ ይሄዳል። የአንድ ሰው ወተት ደህና መሆኑን በአልኮል ስሞክር ስለረጋ መለስኩ። ባለቤቱ ተቆጥቶ ሄዷል፤ ነገ ይመለሳል።

ለእህቴ ለትጊ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እንደ ወትሮው የማስታወሻዬን ገጽ ፎቶ አንስቼ ነው የምልክልሽ፤ ከላይ ያለውን የወተት ነገር ዝለይው። ከስልክ ይልቅ ደብዳቤ ይሻለናል ያልሽው እውነት ነው። በስልክ አንቺም “ደህና ነኝ” ትያለሽ፣ እኔም “ደህና ነኝ” እላለሁ፣ ከዚያ ካርዱ ያልቃል።

ፈርተሽ እንደሆነ ንገሪኝ ላልሽው፣ አዎ ፈርቻለሁ። ቤልጅየም ዶክትሬትሽን ስትጨርሺ “ሥራ ፈልጊበት” ብለው የሰጡሽ አንድ ዓመት እንዲህ ቶሎ ያልቃል ብዬ አላሰብኩም ነበር። በጥር መጨረሻ የመኖሪያ ፈቃድሽ ያበቃል። ባዶ እጅሽን ትመጫለሽ ብዬ ግን አይደለም የምፈራው። ብትመጪ ቤትሽ ነው፣ አልጋሽም እንደተነጠፈ ነው። የምፈራው እንደ ጉታ እንዳትሆኚ ነው።

ኦቦ ኢቲቻ ዛሬም ወተታቸውን አስረክበው አልሄዱም። ስልካቸውን እንደ ሁልጊዜው ከሱቄ ግድግዳ ላይ ቻርጅ ሰክተው ቆሙ።

“አካም ቡልቴ የሺ፣ እህትሽ ጻፈች?”

“ጽፋለች ኦቦ፣ ደህና ናት።”

“የኔን ልጅ አላየችውም?”

“አውሮፓ ሰፊ ነው ኦቦ።”

ልጃቸው ጉታ ጣሊያን ለትምህርት እንደሄደ ታስታውሻለሽ። ፈቃዱ ሲያበቃ ያለ ወረቀት እዚያው ቀረ። መጀመሪያ በየሳምንቱ ይደውል ነበር፣ ቀጥሎ በበዓል በበዓል፣ ከዚያ ስልኩ ዝም አለ። አባትየው በየጠዋቱ እኔ ጋ ቻርጅ የሚያደርጉት ልጁ ሲደውል ባትሪ እንዳይዘጋባቸው ነው። ሞቷል ቢባሉ አልቅሰው ይወጣላቸው ነበር። እሱም የላቸውም።

የፕሮፌሰር ባርናባስን ነገር አስቤበታለሁ። ማስተርስሽን ያሠሩሽ ሰው የድጋፍ ደብዳቤ ለለመንሽበት ለሦስት ኢሜይል መልስ ካልሰጡ ወይ ኢሜይል አያዩም፣ ወይ አንቺ እንደምትጠረጥሪው ሳትሰናበቻቸው በመሄድሽ ተቀይመዋል። ከተቀየሙ መላው ይታወቃል፤ ሽማግሌ ይላካል። ቤታቸው ቡራዩ ከሆነ አድራሻውን አግኚልኝ።

እኔም አንድ ጥያቄ አለኝ። ቤት ለምን ቀየርሽ? ባለፈው የላክሽው የክፍልሽ ፎቶ ላይ መስኮት አላየሁም።

እህትሽ የሺወርቅ


ጌንት፣ ኅዳር 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

እትዬ የሺ፤

ስለዘገየሁ ይቅርታ። አንዴ ጽፌ ነበር፤ ሳነበው ልቅሶ ብቻ ሆነብኝና አጠፋሁት።

ከዶክትሬት በኋላ ደግሞ ምን ትምህርት አለ ብለው ለሚጠይቁት ለኦቦ ኢቲቻ እንዲህ በይልኝ፦ ፖስት ዶክ ትምህርት አይደለም፣ ሥራ ነው። የተመረቀ ሰው በሌላ ተመራማሪ ቤተ ሙከራ ሁለት ሦስት ዓመት ተቀጥሮ ይሠራል። ደሞዝ አለው፣ የመኖሪያ ፈቃድም አለው። እኔ አሁን የምለምነው ሁለተኛውን ነው ብልሽ አትፈሪብኝ።

ስንት ቦታ አመለከትሽ ብትዪኝ፣ መቁጠር ትቻለሁ። ጀርመን፣ ኦስትሪያ፣ ዴንማርክ። መልሱ ሁልጊዜ ትሁት ነው። ኢሜይል ሲመጣ ከላይ አላነብም፤ ዓይኔ መጀመሪያ የሚፈልገው “ይሁን እንጂ” የሚለውን ነው። ሁልጊዜም አለ።

አሁን ግን ስዊድን አንድ ቦታ ወጥቷል። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚወጣ የቀለም ውሃን በባክቴሪያ ማጥራት! የሺዬ፣ እኔ ሰበታ ወንዝ ዳር ጭቃ ውስጥ እየገባሁ፣ ናሙናውን ባንቺ የወተት ዕቃ እየተሸከምኩ የሠራሁት እኮ እሱን ነው። ማስታወቂያውን ሳነብ ሰው ስለ እኔ የጻፈው መሰለኝ። የቤተ ሙከራው ኃላፊ ሊንድቤሪ የምትባል ፕሮፌሰር ናት። ሦስት መስካሪ ትፈልጋለች፤ ሁለቱ እዚህ አሉኝ። ሦስተኛው ግን የሰበታውን ሥራ በዓይኑ ያየ መሆን አለበት። ከፕሮፍ በቀር ማንም የለም።

ሽማግሌ ያልሽውን ሳነብ ትንሽ ሳቅኩ። ለድጋፍ ደብዳቤ ሽማግሌ! እዚህ ባወራው ማንም አያምነኝም። ግን ላኪ። ጊዜው እስከ ታኅሣሥ መጀመሪያ ነው። አድራሻቸውን ከታች ጽፌዋለሁ።

ስለ ቤቱ፣ የቀድሞው ውል አልቆ ነው። አንድ ያገር ልጅ ረዳኝ። ደረጃ ላይ ስንገናኝ በኦሮምኛ ሰላም ሲለኝ ሱሉልታ ያለሁ ይመስለኛል። ስለ ጉታ ምንም የምነግራቸው የለኝም። ብራስልስ ትልቅ ከተማ ናት፣ ሰው ከሰው አይገናኝም።

ትጊ


ሱሉልታ፣ ኅዳር 29 ቀን 2018 ዓ.ም.

የጠዋት ርክክብ፦ ሁለት መቶ ከምናምን ሊትር። ዝናብ ሳይኖር ጭቃ፤ ውሃ መስመሩ ፈንድቷል። የተመለሰ የለም።

ለትጊ፤

ሂጂና ንገሪኝ እንዳልሽው ትናንት እሑድ ሄደን መጣን። እሺ ብለዋል። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት ትንፋሽሽን ይዘሽ እንዳታነቢ ነው።

የሄድነው በሦስት ሽማግሌ ነው። ኦቦ ኢቲቻን ስነግራቸው ካፖርታቸውን አስተኩሰው መጡ። ጋሽ ተሾመ የእድራችን ዳኛ ስለሆኑ አይቀሩም። ሦስተኛው ጎረቤቴ ኡበይድ ነው። ዕድሜው ለሽማግሌነት ባይደርስም ፂሙ ይደርሳል፣ መኪናዋም የእሱ ናት። በአዲሱ ገበያ በአስኮ አድርገን ቡራዩ እስክንገባ ኦቦ ኢቲቻ ንግግራቸውን ሲያጠኑ ነበር።

በሩን የከፈተችልን ልጃቸው ሮዳስ ናት። ፕሮፌሰሩ ሸበቶ፣ ቀጥ ያሉ፣ ሹራባቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ ሰው ናቸው። ገብተን ቆምን።

“ተቀመጡ እንጂ!”

“ሳንሰማ አንቀመጥም” አሉ ጋሽ ተሾመ።

“ምን ልስማ?”

“የምንለምንዎ ነገር አለ። እሺ ካላሉን እንደቆምን ነው።”

“ምን ብዬ ነው እሺ የምለው?”

“ያስቀየመችዎ ልጅ አለች። ይቅር ብያለሁ ይበሉን።”

“ይቅር ብያለሁ” አሉ። “በሉ አሁን ተቀመጡ፣ እግራችሁ ይታመማል።”

አለቀ። ኦቦ ኢቲቻ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ስንመለስ መኪና ውስጥ “ይሄን ያህል መንገድ መጥቼ ሳልለምን!” እያሉ ሲናደዱ ኡበይድ ሳቁን መያዝ አቅቶት መኪናዋን አቆመ። ፕሮፌሰሩ ከተቀመጥን በኋላ ሦስት ሽማግሌ ፊት “እጽፍላታለሁ” ብለው ቃል ገብተዋል። ኢንተርኔቱን የምታውቀው ሮዳስ ናት፤ እሷ ትልክልሻለች፣ ሥራሽን የሚያሳየውን ወረቀት በኢሜይል ላኪላት።

ጤናቸው እንዴት ነው ብትዪኝ፣ ዕድሜ ነው። ሌላ የምጨምረው የለም።

የሺወርቅ


ጌንት፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

እትዬዬ!

ደብዳቤያቸው በሰዓቱ ገባ፤ ትናንት ደግሞ በቪዲዮ ቃለ መጠይቅ ተደረገልኝ። ሊንድቤሪ ስለ ሰበታ ወንዝ ጠየቀችኝ። ውሃው በየሰዓቱ ቀለሙን ሲቀይር፣ ጠዋት ሰማያዊ ከሰዓት ቀይ ሲሆን፣ እኔ ዳር ላይ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ የነበረውን ነገርኳት። ጽሑፏን ትታ ሰማችኝ።

የቀረነው ሁለት ነን ብላኛለች። ከፈረንጆቹ አዲስ ዓመት በኋላ፣ ሰኞ ታኅሣሥ 27፣ ሦስቱንም መስካሪዎች በስልክ ታነጋግራለች። “በተለይ ያን የመጀመሪያ ሥራሽን የመሩትን ሰው” አለችኝ። በእናንተ ሰዓት ከረፋዱ አምስት ሰዓት ግድም ነው።

ፕሮፍ አሁንም ሰው ሲናገር ያቋርጣሉ? አሁንም ቁጥር በቃላቸው ነው? ድምፃቸውስ? ስለሳቸው የጻፍሽልኝ ሁለት መስመር ነው፤ አንቺ ደግሞ የረጋ ወተት እንኳ በግማሽ ገጽ ነው የምትጽፊልኝ። የደበቅሽኝ ነገር ካለ አሁን ንገሪኝ። እንቅልፍ የለኝም።

ትጊ


ሱሉልታ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

የጠዋት ርክክብ፦ መቶ ዘጠና። የአንዷን መለስኩ፤ ውሃ ነበረበት። “ላሟ ናት ውሃ የጠጣችው” አለችኝ።

ለትጊ፤

ይህን ሳነብ ልቀመጥ ወይስ ልቁም ብለሽ ከሆነ፣ ተቀመጪ።

የዚያን ዕለት ስንወጣ ፕሮፌሰሩ እጄን ያዙኝና በቀስታ “እመቤት፣ ያስቀየመችኝ ማን ናት?” አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። እንደገና ጠየቁኝ። ስምሽን ነገርኳቸው፣ የአባታችንንም ስም። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ እንደማያውቅ ሰው።

ሮዳስ በር ድረስ ተከትላኝ መጣች። መርሳት ከጀመራቸው ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ጠዋት ጠዋት ይሻላቸዋል፣ ከምሳ በኋላ እሷንም በእናቷ ስም የሚጠሩበት ቀን አለ። ለሰው አልተነገረም። ኢሜይላቸውን የምታየው እሷ ናት። ያንቺን ሦስቱንም አይታቸዋለች፤ ምን ብላ እንደምትመልስ ጨንቋት ተወችው። ያልተቀየመ ሰው ጋ ነው ሽማግሌ ይዤ የሄድኩት። የመጣንበትን ሳያውቁ እኛን ላለማሳፈር ይቅር አሉ። የድጋፍ ደብዳቤውንም አንቺ ከላክሽው ወረቀት እያየች የጻፈችው ሮዳስ ናት። እሳቸው ፈርመውበታል።

ያኔ ያልነገርኩሽ ማመልከቻሽን በፍርሃት ትተሽው እንዳትቀሪ ብዬ ነው። አሁን ግን ስልክ ሊደወል ነው።

ኦቦ ኢቲቻ ይህን ሲሰሙ “ታዲያ ይቅርታው ይቆጠራል?” አሉኝ። ጋሽ ተሾመ ይቆጠራል አሉ፤ በሽማግሌ ፊት የተነገረ ስለሆነ። ኡበይድ አይቆጠርም አለ። አሁን ሁለቱ አይነጋገሩም።

የኔን ሐሳብ ከጠየቅሽኝ፣ ለሴትዮዋ አንቺው ቀድመሽ ንገሪያት። እኔ ወተት የምሞክረው ባለቤቱ ቆሞ እያየ፣ ወደ ትልቁ ዕቃ ሳይገባ በፊት ነው። ከተቀላቀለ በኋላ የሁሉም ይበላሻል።

የሺወርቅ


ጌንት፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

የሺዬ፤

አልችልም። ልነግራት ሦስት ጊዜ ጻፍኩ፣ አልላክሁም። ሁለት ሰው ነው የቀረነው። ከሁለቱ አንዷ “መስካሪዬ አያስታውሰኝም፣ ደብዳቤውንም የጻፈው እሱ አይደለም” ብትል፣ አንቺ ብትሆኚ ማንን ትመርጫለሽ?

ስለዚህ ይህን እለምንሻለሁ። የፕሮፍ ልጅ ሰለሞን ሰበታ እንደሚኖር አውቃለሁ። ድምፁ የአባቱ ድምፅ ነው፤ ቢሮ እየደወለ ስንት ጊዜ አሳስቶኛል። እንግሊዝኛውም ጥሩ ነው። አሥር ደቂቃ ብቻ። ምን እንደሚል ጽፌ እልክለታለሁ። ሴትዮዋ አይታቸው አታውቅም፣ ማንም አይጎዳም። ሥራው የውሸት አይደለም፣ እኔ ሠርቼዋለሁ! እውነቱን በውሰት ድምፅ መናገር ነው። አነጋግሪልኝ። አንቺ ካልሽው እሺ ይላል፤ አንቺን እምቢ የሚል ሰው አላውቅም።

ካልሆነ ምን ታደርጊያለሽ ብትዪኝ፣ ሌላ መንገድ አለ። ከኔ በፊት ሌሎች ሄደውበታል። መጀመሪያው ነው የሚከብደው ይላሉ። ባዶ እጄን ሱሉልታ ገብቼ ሰው ሁሉ “ዶክተር መጣች” ሲለኝ አይታየኝም። ጥር ካለቀ በኋላ ስልኬ ባይሠራ አትደንግጪ፤ እኔው እደውልልሻለሁ።

ትጊ


ሱሉልታ፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

የጠዋት ርክክብ፦ አልቆጠርኩም። ሠራተኛዋ ተረከበች።

ትጊ፤

ሰለሞንን አነጋገርሽልኝ ወይ ብለሽ ትናንት ሁለት ጊዜ መልእክት ልከሻል። አላነጋገርኩትም፣ አላነጋግረውምም። የውሸት ድምፅ ተገኘ እንበል። ስዊድን ሄደሽ በየቀኑ ሴትዮዋ ፊት ስትቆሚ፣ ዛሬ ነው ወይስ ነገ የምታውቀው እያልሽ ትኖሪያለሽ። አሁን ከምትፈሪው ይብሳል።

ሁለተኛውን ነገር ልንገርሽ። እኔ ለኦቦ ኢቲቻ ያልኩት አውሮፓ ሰፊ ነው ነው። ብራስልስን ያመጣሻት አንቺ ነሽ። ጉታን የምናውቀው ጣሊያን ነው። ደብዳቤሽን ጌንት ብለሽ ትጀምሪያለሽ፤ መስኮት የሌለው ክፍል ግን ጌንት አይመስለኝም። ደረጃ ላይ በኦሮምኛ ሰላም የሚልሽ ሰው ማን እንደሆነ አልጠይቅሽም። ሌላውን መንገድ የነገረሽ እሱ መሆኑንም አልጠይቅሽም።

አትደንግጪ ብለሻል። ኦቦ ኢቲቻም መጀመሪያ አልደነገጡም። ልጁ “እኔው እደውላለሁ” ብሏቸው ነበር። ባለፈው መብራት ሲጠፋ ስልካቸው ሳይሞላ ቀረ። ከኔ ሱቅ ወጥተው ወፍጮ ቤቱ ጋ ሄዱ፣ እዚያም የለም፤ ጄኔሬተር ያለው ሆቴል ድረስ በእግራቸው ሄደው ለአስተናጋጁ “ልጄ ዛሬ ቢደውልስ?” ሲሉ ኡበይድ ሰምቷቸው መጥቶ ነገረኝ። እኔ ከእሳቸው ጎን ቆሜ ስልክ መሙላት አልፈልግም ትጊ። ከዚህ በላይ የምፈራው ነገር የለኝም።

ዶክተር መጣች ይበሉ። ሦስት ቀን ይሉና ይተዉታል፤ የወተት ዋጋ የበለጠ ያሳስባቸዋል።

ሰኞ ቡራዩ እሆናለሁ። ለሮዳስም ነግሬያታለሁ፤ ፕሮፌሰሩ ጠዋት ስለሚሻላቸው የሚደወልበት ሰዓት ጥሩ ነው። ማን እንደሚደውል፣ ስለምን እንደሚደወል እውነቱን ትነግራቸዋለች። ያወቁትን ይበሉ።

የሺወርቅ


ቡራዩ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

የጠዋት ርክክብ፦ መቶ ሰባ። ከጾሙ ሁሉ ዝቅተኛው።

ትጊ፤

ይህን የምጽፈው ፕሮፌሰሩ ግቢ ውስጥ ነው፣ አሁን ስልኩ እንደተዘጋ። ምን አሉ ብለሽ እንደምትጠይቂኝ አውቃለሁ። አላውቅም።

ጠዋት ሮዳስ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገረቻቸው። የፈረምኩበትን ደብዳቤ አምጪ አሉ፤ አነበቡት፣ መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና አነበቡት። “ጥሩ ጽፈሻል” አሏት። ከዚያ ከቁም ሳጥን ኮትና ክራቫት አወጡ። አባዬ፣ ስልክ እኮ ነው፣ አያዩህም ብትላቸው “እኔ ራሴን አያለሁ” አሏት።

ስልኩ ሲጮህ ሁለታችንም አጠገባቸው ቆመን ነበር። በእጃቸው በሩን አሳዩን። “ሰው ቆሞብኝ ምስክርነት አልሰጥም።” በሩንም ራሳቸው ዘጉት።

ሮዳስና እኔ የልብስ ማስጫው ገመድ ሥር ቆምን። እሷ ቆንጥጣ ይዛኝ ነበር፣ ክንዴ በልዟል። ድምፃቸው ይሰማል እንጂ ቃሉ አይለይም። አንዴ ሳቁ። ከዚያ ረጅም ዝምታ ሆነ፤ ስልኩን ዘግተው ነው ወይስ ነገሩ ጠፍቶባቸው ነው ብለን አንዳችን ሌላችንን አየን። ሲወጡ ክራቫታቸውን እየፈቱ ነበር። “ምን አልካት አባዬ?” ስትላቸው “ለማን?” አሉ።

አንቺ የሰማሽውን ጻፊልኝ።

የሺወርቅ


ብራስልስ፣ ታኅሣሥ 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

እትዬ የሺ፤

ከላይ የጻፍኩትን የከተማ ስም አየሽው። ከጥቅምት ጀምሮ እዚህ ነኝ። ይቅርታ።

ሊንድቤሪ ዛሬ ጠራችኝ። ጥሪዋን ሳይ ልዘጋው ነበር። እሷ የነገረችኝን እንዳለ እጽፍልሻለሁ።

ፕሮፍ መጀመሪያ ያሏት “ይህችን ልጅ አላስታውሳትም” ነው። “ታምሜያለሁ፣ ሰው እየጠፋብኝ ነው። የደረሰሽን ደብዳቤ ልጄ ናት የጻፈችው፤ ጣይው። ምስክርነት አይደለም።” ሊንድቤሪ ልትሰናበታቸው ስትል “ቆይ፣ አልጨረስኩም” አሏት። አየሽ፣ አሁንም ያቋርጣሉ። “ስለሷ ሦስት ሽማግሌዎች ቤቴ መጥተው አንቀመጥም ብለው ቆመዋል። ምን እንዳደረገችኝ ባላውቅም ይቅር ብያታለሁ፣ ይህ ግን የኔና የሷ ጉዳይ ነው። አንቺን የሚመለከተው ይኸውልሽ፦ የመመረቂያ ጽሑፏ ላይ ፊርማዬ ካለ፣ ውጤቱን እኔው ቤተ ሙከራ ገብቼ በእጄ ደግሜዋለሁ ማለት ነው። ሳልደግም የፈረምኩበት ጽሑፍ የለም፤ ይህን አልረሳሁም። ፊርማውን ፈልጊና እሱን ጠይቂው፣ እኔን አትጠይቂኝ።”

ሽማግሌዎቹ ምንድን ናቸው ብላ ጠየቀችኝ። ኮሚቴ ነው አልኳት። “ኮሚቴው ለምን ቆመ?” አለችኝ። እያለቀስኩ ሳቅኩ፤ ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት። ሰለሞን አባቱን መስሎ እንዲያናግራት ፈልጌ እንደነበርም ነገርኳት። ለምን እንደነገርኳት አላውቅም። የታመሙት ሰውዬ ስለራሳቸው እንዲያ ካሉ በኋላ መደበቅ አቃተኝ። ከዚያ የተፈረመበትን ጽሑፍ ሙሉውን ስካን አድርጊና ላኪልኝ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ እወስናለሁ አለችኝ። ትቀጥረኛለች አላለችም። እኔ ያለኝ ኮፒ ፊርማ የለበትም። የፕሮፍ ቤት አንድ ይኖር እንደሆነ ሮዳስን ጠይቂልኝ።

አሁን ስለ ጉታ። አዎ፣ እሱ ነው። በአጋጣሚ ሱቅ ውስጥ ተገናኘን፤ ቤት ያገኘልኝም እሱ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፣ ከራሱ ቀንሶ ያበላኛል። ያስተማረኝ ግን መጥፋትን ነው። የትኛው ባቡር ላይ ተቆጣጣሪ እንደሚበዛ ያውቃል። “ስልክ ስትዘጊ ይቀልሻል፣ የሚከብደው ድምፃቸው ነው” አለኝ። አዲስ ሲም ካርድም ገዝቼ ነበር። ዛሬ ወረወርኩት።

ስለ ቻርጀሩ አነበብኩለት፣ ስለ ሆቴሉም። ንገሪያቸው አላለኝም። አትንገሪያቸውም አላለኝም። ጎንበስ ብሎ ጫማውን አሰረ፣ ፈታ፣ እንደገና አሰረ። ከዚያ ቁጥሩን ጻፈልኝ። ከታች አለ።

መልሱ እምቢ ከሆነ ጥር ሳያልቅ እመጣለሁ። አልጋዬን አታንሺው። አሁንም እፈራለሁ የሺዬ፣ ግን ስልኬን አልዘጋም።

ትጊ


ሱሉልታ፣ ታኅሣሥ 30 ቀን 2018 ዓ.ም.

የጠዋት ርክክብ፦ ሦስት መቶ አርባ። ጾም ተፈቷል፤ ካፌዎቹ ከንጋት ጀምሮ እየደወሉ ነው። የተመለሰ የለም።

ለእህቴ ለትጊ፤

እንኳን አደረሰሽ። ተቆጥተሽኛል ወይ ብትዪኝ፣ አዎ። ስትመጪ ወይም ስዊድን ገብተሽ ስትደውዪ እጨርሰዋለሁ።

ትናንት ለበዓል ወተት ይዤ ቡራዩ ሄድኩ። ፕሮፌሰሩ አላወቁኝም። ወተቱን ተቀብለው፣ አመስግነው፣ በሩ ላይ ሲሸኙኝ ግን “ያቺ ልጅ ይቅርታ ተደረገላት?” አሉኝ። ተደርጎላታል አልኳቸው። “ማን አደረገላት?” “አንድ ትልቅ ሰው” አልኩ። “ደግ አደረገ” አሉ። ሮዳስ ፊቷን አዞረች።

የጽሑፉን ነገር ጠየቅኳት። ክፍል ሲጠባቸው የአባቷን መጻሕፍት በካርቶን አድርገው ሰለሞን ቤት ሰበታ አስቀምጠዋል። ያንቺ እዚያ ውስጥ መኖር አለበት ትላለች። መኖር አለበት ማለት አለ ማለት አይደለም፤ ዝናብ የገባባቸው ካርቶኖች አሉ። ስለዚህ እኔም ከፍርሃቴ አልወጣሁም። ሰለሞንን ለውሸት ላላነጋግረው ምዬ አሁን ለእውነቱ እለምነዋለሁ። ከሌለ ያልተፈረመበትን ላኪ፣ እንደሌለም ንገሪያት።

ኦቦ ኢቲቻ ዛሬ ለበዓል ዘመድ ጋ ስለሄዱ ወተቱን ያመጣው ጎረቤታቸው ነው። ስልካቸውም አልመጣም። ቻርጅ ማድረጊያው ግድግዳው ላይ ባዶውን ሲንጠለጠል ሳየው ደስ አላለኝም። የጉታን ቁጥር በሌላ ሰው እጅ አልሰጥም። በጽሑፍም አልሰጥም፣ ዓይናቸው አያይላቸውም።

ነገ፦ ኦቦ ኢቲቻ ወተታቸውን ሲያስረክቡ ሰው እስኪወጣ አቆያቸዋለሁ፤ ቁጥሩን ስልካቸው ላይ እመዘግባለሁ፣ እደውልላቸዋለሁ፣ እኔ ወጥቼ በሩን እዘጋለሁ። ከዚያ በኡበይድ መኪና ሰበታ።

የሺወርቅ